ባሕር አይቶ የማያውቅ ፓምፕ

ሎጊያ ፓምፕ ጥገና ቤት የተቀጠርኩ ቀን አለቃዬ ጋሽ መኮንን መጀመሪያ የሰጡኝ ባልዲ ነበር። ጠግነው የጨረሱትን የመስኖ ፓምፕ አስነሱና ውሃው ባልዲው ውስጥ ሲወረወር አሳዩኝ። «ቀጥ ብሎ ከወጣ ሥራህን ሠርተሃል። ከተወላገደ መልሰህ ፍታው» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ በዚሁ ሕግ ሠራሁ። የጥጥ እርሻ፣ የሆቴል ታንከር፣ የመኪና ማጠቢያ። ውሃ ይነሳል፤ የተፈለገበት ይደርሳል፤ አይመለስም። አዋሽ ራሱ ባሕር ሳይደርስ በረሃ ውስጥ የሚቀር ወንዝ ነው። እኔም ባሕር አይቼ አላውቅም ነበር።

አንድ ቀን ወይዘሮ ፋጡማ የሚባሉ ሴት ከሰመራ ደወሉ።

«የዓሣ ገንዳ ፓምፕ ትሠራለህ?»

«ውሃ ካለው እሠራለሁ» አልኳቸው።

ባለቤታቸው ሐጂ ሙሳ በወጣትነታቸው ጅቡቲ ወደብ ላይ ጠላቂ ነበሩ፤ የመርከብ ሆድ ከሥር ሲፍቁ ኖረዋል። አሁን ግማሽ አካላቸው አይታዘዝም። አልጋቸው ሳሎን ውስጥ ነው። ከፊት ለፊታቸው ልጃቸው ያሠራላቸው የጨው ውሃ ገንዳ አለ፤ በገንዳው ውስጥ ደግሞ አሸዋ፣ ድንጋዮችና ኮራል። ኮራል ሲያዩት ድንጋይ ይመስላል፤ ግን ትንንሽ ጣቶቹን ዘርግቶ የሚበላ የባሕር እንስሳ ነው።

ወይዘሮ ፋጡማ በር ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ጠዋት ጠዋት ኮራሉ ሲዘረጋ አይተው ነበር ቁርስ የሚበሉት። እሱ ከተዘጋ ወዲህ ሐጂም ተዘጉ። ማንኪያ ይመልሳሉ።»

ገንዳውን አየሁት። ፓምፑ ደክሟል፤ ከድንጋዮቹ ጀርባ ጥቁር ቆሻሻ ተኝቷል። የጉልበት ማነስ ነው ብዬ ጠንካራ ፓምፕ ገጠምኩና አፉን በቀጥታ ወደ ኮራሉ አዞርኩት። ውሃው ቀጥ ብሎ ተወረወረ። ጋሽ መኮንን ቢያዩ በኮሩብኝ ነበር።

በሳምንቱ ተጠራሁ። ፓምፑ ፊት ያለው የኮራሉ ጎን ሥጋው ተልጦ ነጭ አጥንቱ ወጥቷል። አሸዋው አንድ ጥግ ተቆልሏል። ከጀርባ ያለው ቆሻሻ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም።

«አንተ መካኒክ» አሉ ወይዘሮ ፋጡማ፣ «አጠብከው ወይስ ገረፍከው?»

ሐጂ በግማሽ አፋቸው ሳቁ። «ልጄ፣ ባሕር ገብተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም፣ ሐጂ።»

«ያስታውቃል። ውሃህ መሄድ እንጂ መመለስ አልተማረም። ወላሂ፣ የጅቡቲ ሾፌር እንኳ ይመለሳል!»

ከዚያ ደህናውን እጃቸውን ከብርድ ልብሱ በላይ አነሱ። ወደ ቀኝ ወሰዱት፣ ትንሽ አቆሙት፣ ወደ ግራ መለሱት። «ባሕር እንዲህ ነው። ይገፋሃል፤ ያስብበታል፤ ይመልስሃል።»

ጠንካራውን ፓምፕ አወጣሁ። በግራና በቀኝ ሁለት ትንንሽ ፓምፖች ገጠምኩ፤ ተራ በተራ እንዲነሱም ታይመር ላይ አሰርኳቸው። ውሃው መጀመሪያ መስታወቱን መትቶ ተሰባብሮ ወደ ኮራሉ እንዲደርስ አፋቸውን አዞርኩ። ሐጂ ከአልጋቸው ሆነው ያዝዙኛል። «ወደ ላይ አድርገው። አይ፣ ይሄ ማዕበል ነው፤ መርከብ ልታሰምጥ ነው? ቀንስለት። እ! እንዲያ!»

ቆንጥሬ የዓሣ ምግብ ጣልኩና ፍርፋሪው የሚቀመጥበትን አየሁ። ከድንጋዮቹ ጀርባ ተቀመጠ፤ ውሃ የማይደርሰው እዚያ ነው ማለት ነው። ድንጋዮቹን አራርቄ መንገድ ከፈትኩለት። ደግሜ ስጥል ፍርፋሪው ዞሮ ወጣ፣ ተወዛወዘ፣ ተመለሰ። ሐጂ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ይከተሉት ነበር።

የተላጠው ጎን አልዳነም፤ እስከ ዛሬ ነጭ ነው። ስለ ሌላው ጎን ወሬ ሳልሰማ ቆየሁ። አንድ ጠዋት ጥገና ቤቱን ስከፍት ወይዘሮ ፋጡማ ደወሉ። ስለ ኮራሉ አንድም ቃል አልተነፈሱም።

«ሐጂ ቁርስ በሉ፣ አልሐምዱሊላህ» አሉና ዘጉት።

አሁን ፓምፕ ከመምረጤ በፊት ውሃው ማን ላይ እንደሚያርፍ እጠይቃለሁ። ጥጥ ከሆነ ቀጥ አድርጌ እለቀዋለሁ።