ሻሽ ሳር የገባው ክሬን

ሥራ የጀመርኩ ቀን፣ የሠርግ ቪዲዮ ስቱዲዮው ባለቤት ጋሽ ታደሰ አንድ እግሩ የተሰበረ የካሜራ ማቆሚያ ሰጡኝና «ያዢው፤ እንዳትለቂው» አሉኝ። ሠርጉ እስኪያልቅ ሦስተኛው እግር እኔ ነበርኩ። መደቤ ግን «ረዳት ካሜራማን» ይባል ነበር።

ብዙም ሳልቆይ አደግሁ፤ ምክንያቱም በስቱዲዮው ብቸኛዋ ሴት ነበርኩ። ጅግጅጋ ውስጥ ከሠርጉ ሳምንት በኋላ ሻሽ ሳር አለ፤ ሴቶች ብቻ ተሰብስበው ለሙሽራዋ ሻሽ ያስሩላታል። ፀጉራቸውን ገልጠው ስለሚጨፍሩ ወንድ አይገባም፣ ስልክም በር ላይ ይሰበሰባል። ጋሽ ታደሰ ከውጭ ሆነው «ከላይ ቅረጪ፣ ከላይ!» ይሉኛል። ከላይ የምቀርፀው ወንበር ላይ ወጥቼ ነው፤ የወንበሩ ባለቤት እስክትመጣ ድረስ።

ስለዚህ ካሜራውን ከሰው ራስ በላይ የሚያነሳ ክሬን ሠራሁ። ክንዱ የውሃ ቧንቧ፣ ማዞሪያው የባጃጅ ኩሽኔታ፣ ሚዛን መጠበቂያው የእህል ነጋዴ የኪሎ ብረት ነው። ካሜራውን የሚያዞረው ሞተር ከአሮጌ መኪና ዝናብ መጥረጊያ የተፈታ ነው። እንዲበይድልኝ ስወስድለት በያጁ ብረቱን አገላብጦ «የጉድጓድ ውሃ ማውጫ ነው?» አለኝ።

«የካሜራ ክሬን ነው።»

«እሺ፣ ውሃው ሲወጣ ጥሪኝ።»

ክሬኑ እንደ ሠራ ጋሽ ታደሰ «ሠራነው!» አሉ። ቧንቧውን ስቆርጥ ብቻዬን ነበርኩ። ወዲያው ማሻሻያ ጨመሩበት፤ መቆጣጠሪያውና ስክሪኑ በረጅም ገመድ ውጭ ወደቆመችው መኪናቸው ይሂድ፣ እኔ ገመዱን ልጠብቅ። «መሣሪያው ባለሙያ ይፈልጋል» አሉ። ባለሙያው ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ክሬኑ መጀመሪያ የሚሠራበት ሻሽ ሳር ቀን፣ «ጋሼ፣ ሻሽ ሳር እኮ ነው» አልኳቸው።

«ታዲያ እኔ መች ገባሁ? ውጭ ነኝ! ዛሬ ካልሠራ ግን ብረቱን ለቆራሌው ነው የምሸጠው።»

በሩን የሚጠብቁት የሙሽራዋ አክስት ኤዶ ሆዳን ነበሩ፤ ኤዶ እዚህ ትልቅ ሴት የምትጠራበት ነው። ስልክ ሲሰበስቡ ገመዱን አዩት። እየተከተሉት፣ እኔም ከኋላቸው፣ መኪናዋ ጋ ደረሱና መስታወቱን አንኳኩ።

«ታደሰ፣ ምን እያየህ ነው?»

«ኧረ ምንም ኤዶ! ማሽኑን ነው!»

ስክሪኑ ላይ የኤዶ ሆዳን ልጅ ፀጉሯን ፈታ ትጨፍራለች።

«ማሽኑ ጭፈራ ይችላል» አሉና ገመዱን ነቀሉት። «ይሄን ብረት አውጡልኝ!»

ጋሽ ታደሰ ጣታቸውን ወደኔ ቀሰሩ። «እሷ ናት የሠራችው!» ሥራዬን በምስክር ፊት ሲያምኑልኝ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

«አንቺ ነሽ?» አሉኝ ኤዶ ሆዳን።

«አዎ ኤዶ።»

«ያለ እሱ ይሠራል?»

«ያለ እሳቸው የበለጠ ይሠራል።»

ኤዶ ሆዳን ስክሪኑን ራሳቸው ተሸክመው አዳራሹ ውስጥ አስቀመጡት፤ አጠገቡም ተቀመጡ። እኔ መቆጣጠሪያውን ያዝኩ፣ እሳቸው ዳይሬክተር ሆኑ። «ወደ ሙሽራዋ! የወንድሜን ሚስት ዝለያት፣ በቃት!» ሲያበቃም የካሜራውን ካርድ በእጄ ሰጥተው «አንቺው ቁረጪ፣ አንቺው ቀጥዪ፤ እሱ አያይም» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ከሀርሺንም ከሐርተሼክም እየመጡ «ያቺ ባለ ብረቷ ልጅ» እያሉ ይጠይቁ ጀመር። ሁለተኛውን ክሬን ስሠራ ገመዱን አሳጠርኩት። ጋሽ ታደሰ አሁንም «ክሬናችን» ይሉታል፤ መኪናዋን ግን ከአዳራሹ ራቅ አድርገው ያቆማሉ።

ዘንድሮ የኢንጂነሪንግ አንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ለክፍል ጓደኞቼ የምለው አንድ ነገር ነው፤ መሣሪያ ከመሥራታችሁ በፊት ስክሪኑ ፊት ማን እንደሚቀመጥ ወስኑ። የቀረው ብየዳ ነው።