ጋሼ የማይከፍተው በር

ታላቅ ወንድሜ፣ ጋሼ የምንለው፣ ዴንቨር ውስጥ በአንድ ኦፔራ ቤት በር ጠባቂ ነበር። ዘፈኑ ከተጀመረ በኋላ የመጣ ሰው እስከ ዕረፍቱ ድረስ ውጭ ይቆማል። ይህን ሕግ ለማንም አያላላም ነበር።

አንድ ቀን ትኬት ሰጥቶ ጠራኝ። ከሥራ ስመጣ አምስት ደቂቃ ዘገየሁ።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ነኝ፤ ክፈትልኝ።»

«ባለቤቱም ቢመጣ አልከፍት፣ ላንተ ልከፍት ነው? ና፣ ጆሮህን እዚህ በሩ ላይ አድርግ።»

አጠገቤ ቆሞ በሹክሹክታ አጫወተኝ። ድሮ ጣሊያን አገር የነበሩ ሰዎች የጥንት ግሪኮችን ትያትር በዜማ መልሰን እናመጣለን ብለው ተነሡ። ያንን አላገኙትም፤ ያገኙት ኦፔራን ነው። ማይክ ስላልነበረ ዘፋኞቹ ከሙዚቃው በላይ የሚሰማ ድምፅ ማውጣት ተማሩ።

«ሰማሃት? ዛሬም ያለ ማይክ ነው። በር አያግዳትም» አለኝ።

እውነትም ውስጥ የምትዘፍነው ሴት ድምፅ በሩን አልፎ ይመጣ ነበር።

ባለፈው ወር ጋሼ ታሞ ከተኛበት፣ አውሮራ ካለው ሆስፒታል «ቶሎ ና» ተብሎ ሲደወልልኝ፣ ሀይዌይ ላይ ትራፊክ ያዘኝ። ከፊትም ከኋላም መኪና ነው፤ መውጫ የለም። ስደርስ የክፍሉ በር ተዘግቷል። ነርሷ ያገሬ ልጅ ናት።

«ወንድሜ፣ ዐርፈዋል። አስተካክለናቸው እስክንጨርስ እዚህ ይቆዩ» አለችኝ።

ክፈችልኝ ብዬ አልለመንኳትም። እሱም ቢሆን አይከፍትልኝም ነበር። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ጆሮዬን በሩ ላይ አደረግሁ። የነርሶቹ ጫማ ብቻ ይሰማ ነበር።