ስድስት ቅርፊቶች ወደ ዳባት

ሐሙስ፣ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል፤ ጎንደር

ከአራዳ ወደ መናኸሪያ የወሰደኝ ባጃጅ የሚበራለት አንድ መብራት ብቻ ነው። ሱቆቹ ገና አልተከፈቱም፤ አስፋልቱ ላይ መንገድ የሚጠርጉ ሴቶች ብቻ አሉ። ቦርሳዬ ውስጥ ነጠላ፣ አንድ ዳቦ፣ የማስታወሻ ደብተሬና አንዲት ትንሽ የወረቀት ፖስታ ይዣለሁ። ፖስታዋን በየደቂቃው እዳብሳለሁ። ውስጧ ስድስት የዓሣ ቅርፊቶች አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእናቴ ወንድም አያ ላቀው የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነው። ከዳባት ወጣ ብሎ ባለ አንድ ደብር፣ እስራኤል ባሕር ሲሻገሩ የሚያሳይ ሥዕል እየሠራ ሳለ «የዚያ ባሕር ዓሣ ምን ይመስላል?» ብሎ ጠየቀኝ። የተማርሁት ስለ ዓሣ ነው፤ ለሥልጠና ጅቡቲ ሄጄ ሁለት ወር ቀይ ባሕር አፍ ላይ ሰንብቻለሁ። እዚያ ከሁሉ የወደድሁትን ሥዬ ላክሁለት። ገላው ነጭ ነው፤ ከዓይኑ ተነሥቶ ወደ ጭራው የሚሄድ ጥቁር መስመር አለው፤ ጭራው ሥር ጥቁር ነጥብ፣ አገጩ ሥር ሁለት ጺም። አያ ላቀው እንዳለ ገለበጠው።

ትናንት ደወለ።

«የደብሩ ሰዎች ዓሣሽን አምባዛ ነው ብለውታል። እሑድ ንግሥ ነው፤ ነገ ተሰብስበው በኖራ ሊያስጠፉብኝ ነው።»

የጣና አምባዛ ጺም አለው፣ ቅርፊት የለውም። ቅርፊት የሌለው ዓሣ ደግሞ በኦሪቱ ሥርዓት አይበላም፤ ርኩስ ነው። ደብተሬን ገልጬ የሥዕሉን ቅጂ አየሁት። ጺሙን ሥያለሁ፣ መስመሩን ሥያለሁ፣ ነጥቡን እንኳ አልረሳሁም። ቅርፊቱን ግን ትቼዋለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው።

1 ሰዓት ተኩል፤ አምባ ጊዮርጊስ

የኮሶዬን ገደል በጭጋግ ውስጥ አልፈን አምባ ጊዮርጊስ ቆምን። የነጭ ሽንኩርት ጉንጉን የያዙ ሴቶች ሚኒባሱን ከበቡት። ትኩስ ድንች ከነልጣጩ በሚጥሚጣ ገዛሁ፤ ጣቶቼ ሞቁ።

ሹፌሩ ከጎኑ ስላስቀመጠኝ መልስ መስጠት ግድ ነበር።

«ምን ተማርሽ?»

«ስለ ዓሣ።»

«እና ዳባት ምን ልትሠሪ? እዚያ እንኳን ዓሣው ውሃውም በወረፋ ነው።»

ከኋላ ያሉት ሳቁ። ወደ መስኮቱ ዞርሁ። ገብሱ ታጭዷል፤ ባሕር ዛፉ ከመንገዱ ዳር እስከ ጋራው ተሰልፏል።

5 ሰዓት፤ ከዳባት በእግር

አያ ላቀው ጥፍሩ ሥር ሰማያዊ ቀለም ይዞ ጠበቀኝ። ዐቀበቱን ስንያያዘው፣

«ምነው እንዲህ ከሳሽ?» አለኝ።

«አያ ላቀው፣ ቅርፊቱን ሳልሥልልህ ቀርቼ ነው ይህ ሁሉ የመጣው። ፖስታውን ልስጥህ፣ አንተ ንገራቸው።»

«እኔ ምን አየሁና? ያየሽው አንቺ።»

የመመረቂያ ጽሑፌን እንኳ ወለል ወለሉን እያየሁ ነበር ያቀረብሁት።

8 ሰዓት፤ ደጀ ሰላም

መጀመሪያ ሥዕሉን አየሁት። ከፈርዖን ሠረገላ በታች፣ ባሕሩ ወለል ላይ፣ እንደ ሳሙና የለሰለሰ ዓሣ። እነሱ ቢጠራጠሩ አልፈርድም።

ጉባኤው በደጀ ሰላሙ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ነገሩን ያነሡት ቄስ ገበዙ ናቸው፤ የመጨረሻው ቃል የደብሩ መምህር የየኔታ ነው።

«ልጄ፣» አሉ ቄስ ገበዙ፣ «ጺም አለው የለውም?»

«አለው።»

«አምባዛም አለው።»

አያ ደርሶ የሚባሉ ገበሬ ጣልቃ ገቡ። «ፈርዖንስ ተሥሎ የለም? እሱ ከአምባዛ ይሻላል?»

«ፈርዖን እየሰጠመ ነው፤ ይሄ ግን ተደላድሎ ይዋኛል» አሉ ቄስ ገበዙ።

ሳቅ ሆነ። ስልኬን አውጥቼ ፎቶውን ለየኔታ ዘረጋሁ። በእጃቸው መለሱት።

«ስልክ ላይ የሌለ ነገር የለም። ደግሞስ ዓይኔ መች ያይልኛል።»

ተንበርክኬ ፖስታዋን መዳፋቸው ላይ ገለበጥሁ።

«ቅርፊቱ ነው፣ የኔታ። የዓሣ ዕድሜ የሚታወቀው በቅርፊቱ ቀለበት ስለሆነ ጥቂት ነቅለን እናስቀምጣለን።»

በአውራ ጣታቸው አሹት።

«ስንት ዓመቱ ነው?»

«ሁለት ገደማ።»

«ጺሙስ ለምኑ ነው?»

ወለሉን አላየሁም። «ያርስበታል» አልሁ። «ኮራል ከሚባለው የባሕር ድንጋይ አጠገብ አሸዋ አለ። ዓሣው በጺሙ አሸዋውን እየማሰ የተደበቁትን ትሎችና ሸርጣኖች ያወጣል። ሌሎች ዓሦች ከኋላ ከኋላው እየተከተሉ የተረፈውን ይለቅማሉ።»

አያ ደርሶ ብድግ አሉ። «እንደ ሳቢሳ በዪኛ! ስናርስ በሬዎቹን እንደሚከተለው ነጭ ወፍ።»

«አዎ አያ ደርሶ፣ ልክ እንደ ሳቢሳ።»

«ሸጋ ዓሣ ነው። በዓልስ ያከብራል?»

«እሱን ገና አላጠናንም።»

በዚህ ጊዜ ቄስ ገበዙም ሳቁ። የኔታ እስኪበርድ ጠበቁና ተናገሩ።

«ክንፍ አለው፣ ቅርፊት አለው፣ ለፍቶ አዳሪ ነው። ይቆይ። ላቀው፣ አንተ ግን ራቁቱን አትተወው። ቅርፊቱን አልብሰው።»

10 ሰዓት፤ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ

አያ ላቀው አንዱን ቅርፊት ለናሙና ከሥዕሉ ጎን በሰም አጣብቆ በቀጭን ብሩሽ አንድ በአንድ ይሥላል። ቀለሙን የምይዘው እኔ፣ መሰላሉን የሚይዙት ቄስ ገበዙ ናቸው። ሲጨርስ ቅርፊቱን ነቅሎ መለሰልኝና፣ ሳይጠየቅ ሁለት ትንንሽ ዓሦች ከኋላው ጨመረለት፤ ሳቢሳዎቹ። ዓሣው በምሽቱ ብርሃን አብረቀረቀ። አያ ላቀው ከመሰላሉ ወርዶ ትከሻዬን ጨበጠኝ፤ ጣቶቹ ቀሚሴ ላይ ሰማያዊ ሆነው ቀሩ። ይህን ቀሚስ አላጥበውም።

ዓርብ፣ 4 ሰዓት፤ ጎንደር

ስመለስ ያው ሹፌር ገጠመኝ።

«ዓሣ አገኘሽ?»

«አገኘሁ» አልሁና ከዳባት እስከ አምባ ጊዮርጊስ ነገርሁት። ሬዲዮውን ቀነሰ። ከኋላ አንዲት እናት «ደብሩ የቱ ነው? እሑድ ንግሡን ልሄድበት» አሉ፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ መንገዱን ነገርኋቸው።

ቤት ገብቼ ፖስታዋን ከፈትሁ። አምስት ቅርፊቶች ናቸው። ስድስተኛውን የኔታ ዳዊታቸው ገጾች መካከል አስገብተው «ይሄ እዚህ ይደር» ብለዋል። የናሙና መዝገቤን አወጣሁና ከስድስተኛው ትይዩ ጻፍሁ፦ የሚገኝበት ቦታ፣ ዳባት፣ ከየኔታ ዘንድ።