በሆዷ የቀረውን አልነገርኳትም

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። የነፍስ አባቴ እንኳ ሲጠይቁኝ ሌላ ሌላውን ዘርዝሬ ይህን ዘልዬዋለሁ። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው።

ጅቡቲ ውስጥ በአንድ የፈረንሳዮች ቤት ተቀማጭ ሠራተኛ ነኝ። ፈረንሳይኛዬ ማድ ቤት የተማርኩት ቢሆንም ሐኪም ቤት ያደርሳል፤ የአገሬ ልጆች ሲታመሙ የማስተረጉምላቸው እኔ ነኝ። ዘነበችንም ሐኪም ቤት የወሰድኳት በዚሁ ነው። ካርቲየ ሰባት የሚባለው ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይታ ከባሏ ጋር ትኖራለች፤ ባሏ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ኮንቴይነር የሚያመላልስ ሾፌር ነው። ያኔ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ፅንሱ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ያማታል።

ሐኪሙ በአልትራሳውንድ አይቶ ፅንሱ ከማህፀን ውጪ፣ ሆድ ዕቃዋ ውስጥ እንዳለ፣ እንግዴ ልጁም አንጀቷ ላይ እንደተጣበቀ ነገረን። ኦፕራሲዮን ካልሆነች ደም ፈስሶባት ትሞታለች። ይህን በትክክል ተረጎምኩ። አልቅሳ ፈረመች። ልጁ አልተረፈም፤ ያንንም እኔው ነገርኳት።

የእኔ በደል በማግስቱ ነው። ሐኪሙ አልጋዋ አጠገብ ቆሞ እንግዴ ልጁን እንዳላወጣው አስረዳኝ። ከአንጀቷ ቢያላቅቀው ደሟ አይቆምም ነበር፤ ሆን ብሎ ተወው፤ ቀስ እያለ ሰውነቷ ራሱ ያጠፋዋል። በየሳምንቱ ለደም ምርመራ ትምጣ፤ ትኩሳት ከተሰማት ደግሞ ሳታድር ትምጣ አለኝ።

ዘነበች ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። "ምን አለ፣ እትዬ ሙሉ?"

እኛ አገር እንግዴ ልጅ ቀረባት የተባለች ሴት ገና በሕይወቷ ይለቀስላታል። ይህን እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ።

"ሁሉም ወጥቷል፣ ንጹሕ ነሽ ይልሻል" አልኳት።

"ተመስገን" ብላ ተኛች።

አዝኜላት ነው አልኩ ለራሴ። እውነት አዝኜ ነበር? በየሳምንቱ ማን ሊያመላልሳት ነበር? እኔ። አሠሪዬን ማዳምን ፈቃድ የሚለምነውስ ማን ነበር? እኔ። ማዳም ለእነዚያ ሁለት ቀናት እንኳ ፊቷን አጥቁራብኝ ነበር። አፌን ስከፍት ያሰብኩት የማዳምን ፊት ነው። አውቄ ዋሸሁ።

ከአምስት ሳምንት በኋላ አተኮሳት። ንጹሕ ነሽ ተብላለችና፣ የጅቡቲ ሙቀት ነው ብላ አራት ቀን ተኛች። ባሏ ከመንገድ ሲመለስ ራሷን ስታ አገኛት። ሆዷ መግል ቋጥሮ ነበርና እንደገና ኦፕራሲዮን ሆነች። ስትነቃ ያው ሐኪም፣ ለምን አልመጣሽም፣ ነግሬሽ አልነበረም ወይ አላት። ባሏ ጠርቶኝ አሁንም መሀል ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ።

"ትኩሳቱ መቼ ጀመረሽ ነው የሚልሽ" አልኳት።

"እሑድ" አለች።

ለሐኪሙ፣ ረሳሁት ትላለች አልኩት። ራሱን ነቅንቆ ሄደ። ምን ሆኜ ነው ስትለኝ ደግሞ፣ የተረሳ ነገር ነበር አልኳት። ማን እንደረሳው አልጠየቀችኝም።

ዳነች። እስከ ዛሬም ላገኘችው ሁሉ፣ "ሐኪሙ ሆዴ ውስጥ ረስቶብኝ፣ እጁ ይቆረጥ! እትዬ ሙሉ ባትኖር አልቄ ነበር" ትላለች። አጠገቧ ተቀምጬ እሰማለሁ። ያ ሰው ሕይወቷን አትርፎላታል፤ እርግማኑን እሱ ይወስዳል፣ ምርቃቱን እኔ።

ባለፈው ሳምንት ደወለችልኝ። አርግዛለች፣ ሦስት ወሯ ነው። "ካንቺ ሌላ ማንን አምናለሁ?" አለችኝ። ሐሙስ ሌላ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ አላት፤ እንዳስተረጉምላት ትፈልጋለች። አዲሱ ሐኪም ከዚህ በፊት የሆነችውን መጠየቁ አይቀርም። እውነቱን ለእሱ በፈረንሳይኛ ብነግረው እሷ አትሰማም፤ እንዲህ ለማድረግ ልቤ ከጅሎ እንደነበር አልደብቃችሁም።

ስለዚህ ረቡዕ ካርቲየ ሰባት እሄዳለሁ። ያ ሐኪም ያኔ ያለውን ሁሉ፣ አንድም ሳላስቀር፣ በአማርኛ እነግራታለሁ። ይቅር በይኝ አልላትም። ለሐሙስ ግን ሌላ አስተርጓሚ አግኝቼላታለሁ።