ከዕድር ሰብሳቢው ጋር ያንኳኳሁት በር

ነገሩ የሆነው አምና፣ በረዶው ገና ሳይቀልጥ ነው። በሥራዬ ብዙ ክፉ ነገር አይቻለሁ፤ እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ያ ማለዳ ነው።

ኮሎምበስ በምትባል የአሜሪካ ከተማ ፖሊስ ነኝ። አንዳንድ ቀን ነዋሪዎች ሥራችንን እንዲያዩ በፓትሮል መኪና አብረውን ይውላሉ። ሐበሻ ሲመጣ መቼም የሚሰጠው ለእኔ ነው። ያን ቀን ከጎኔ የተቀመጡት የዕድራችን ሰብሳቢ ጋሼ መኮንን ነበሩ። ጥቁር ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ሬዲዮው በጮኸ ቁጥር «ምን አለ?» እያሉ አደከሙኝ።

የመጀመሪያው ሥራችን ቀላል ነበር። የእትዬ ብርቄ የተሰረቀች መኪና ተገኝታለች። ስልካቸውን ስላላነሱ ክሊቭላንድ አቬኑ አጠገብ ካለው አፓርታማቸው ሄጄ እንድነግራቸው ታዘዝኩ። አደጋ ያለበት ሥራ ሲሆን እንግዳ ከመኪና አይወርድም። ይሄ ግን የምሥራች ነው ብዬ «ጋሼ፣ ይምጡ እንጂ» አልኳቸው። ደስ አላቸው።

አንኳኳሁ። እትዬ ብርቄ ከፈቱ። እኔን አዩ፤ ከኋላዬ የቆሙትን ጋሼ መኮንንን አዩ። ወዲያው እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው «ልጄን!» ብለው ጮኹ።

ያኔ ነው የገባኝ። እኛ ዘንድ የዕድር ሰብሳቢ በማለዳ በር ላይ የሚቆመው መርዶ ይዞ ነው። እሱ ላይ ፖሊስ ሲጨመርበት ሌላ ምን ይታሰባል?

«እትዬ፣ መኪናዎ ተገኝታ ነው!» አልኩ።

«ኧረ በሰላም ነው የመጣነው!» አሉ ጋሼም።

ባሰባቸው። ለካ መርዶ ነጋሪም ሲገባ እንዲሁ ነው የሚለው። «ጋሼ መኮንን፣ እርስዎ ስንቱ ቤት እንዲህ እያሉ ገብተዋል! አይደብቁኝ!» አሉና መሬት ላይ ተዘረሩ። እውነታቸውን ነዋ።

አንድያ ልጃቸው ዮናስ የሚሠራው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ካናል ዊንቸስተር ያለ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ነው። «በቃ ኮል አድርጉልኝ!» አሉ። ደወልን፤ አያነሳም። ሥራ ላይ ስልክ መያዝ ክልክል ነው ብንላቸው ማን ይስማን። ጎረቤት ተሰበሰበ፤ አንዷማ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጣች። ለቅሶው ሲበረታ እኔ ራሴ ፈራሁ። ልጁ በሕይወት መኖሩን በምን አውቃለሁ? የማውቀው የመኪናዋን ነገር ብቻ ነው።

በመጨረሻ ሬዲዮ ላይ ያለችው ባልደረባዬ ዌርሃውሱ ደውላ ልጁን አስጠራችው። ዮናስ መልሶ ደወለ።

«ማም? አይም አት ወርክ! ሥራ ላይ ነኝ እኮ! ምን ሆነሻል?»

እትዬ ብርቄ አልሳቁም፣ አልተቆጡም። የልጃቸውን ድምፅ እየሰሙ ማልቀሳቸውን ቀጠሉ። ልንወጣ ስንል ጋሼን ቀና ብለው አዩአቸው።

«አንዴ አልቅሼለታለሁ። ሁለተኛ እንዳይመጡብኝ።»

ከጋሼ ጋር ተመልሰን መኪናው ውስጥ ገባን። ሬዲዮው ቢጮኽም «ምን አለ?» አላሉም።

ከዚያ ወዲህ የሐበሻ በር ሳንኳኳ፣ ገና ሳይከፈት «በሰላም ነው!» ብዬ እጮኻለሁ። ሰፈሩ ለምዶታል፤ ልጆቹም ያሾፉብኛል። እኔ ግን ደረጃውን ስወጣ ሁልጊዜ ያስፈራኛል። አንድ ቀን እንዲህ ብዬ መጮህ የማልችልበት በር ይመጣል። ያን ቀን ዝም ብዬ ሳንኳኳ፣ ውስጥ ያለው ሰው በሩን ሳይከፍት ያውቃል።