በቢራ ጠርሙስ የተመረመረው ወንዝ

በደርግ ጊዜ ልደታ ሰፈራችን ውስጥ ሳይንቲስት ነበርኩ። መሥሪያ ቤት ስገባ ግን የላቦራቶሪ ረዳት እባላለሁ፤ በአጭሩ ብልቃጥ አጣቢ ማለት ነው። ስለ ውሃ ምርመራ የማውቀው የሦስት ሳምንት ኮርስ ላይ የሰማሁትን ብቻ ነበር፤ እሱንም ግማሹን እያንጎላጀሁ። ይህን የሰፈር ሰው አያውቅም፣ እኔም እንዲያውቅ አልፈለግኩም። ነጩን ጋዋን ሳላወልቅ ነበር ከሥራ የምመለሰው። አብነት ሰፈር ስደርስ ሰው በደንብ እንዲያየኝ እርምጃዬን እቀንስ ነበር።

ጋዋኑ ጣጣ አመጣብኝ። አንድ ቀን የቀበሌያችን ሊቀ መንበር አስጠሩኝ። ቀበሌው ከሰፈራችን በታች የሚያልፈውን ወንዝ በድንጋይ ገድቦ ለልጆች መዋኛ ሊያደርገው፣ ከተሳካም ዓሣ ሊያረባበት አስቧል። ሊቀ መንበሩ ጋዋኔን ከላይ እስከ ታች አይተው፣ «ጓድ ባለሙያ፣ ውሃው ለዋና እና ለዓሣ የሚስማማ መሆኑን መርምረህ ሪፖርት ታመጣልናለህ» አሉኝ። «እኔ እኮ ብልቃጥ አጣቢ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። «ችግር የለም፣ ጓድ ሊቀ መንበር» አልኩ።

እውነቱን ለመናገር ያንን ወንዝ ለመመርመር አፍንጫ ይበቃ ነበር። ከሰንጋ ተራ በኩል ሲወርድ የጋራዡን የተቃጠለ ዘይት፣ የሥጋ ቤቱን እጣቢ፣ የየጓሮውን ፍሳሽ እየለቃቀመ ነው እኛ ጋ የሚደርሰው። እኛም ብንሆን የድርሻችንን ጨምረንበት ነው ወደ ታች የምንሸኘው። ልጆቹ ግን ሌላ መዋኛ አይተው ስለማያውቁ መዋኛው እስኪከፈት ቸኩለው ነበር። ለዋና ከተመዘገቡት ልጆች ዝርዝር የታናሽ እህቴ ስም አንደኛ ላይ ነው። የዋና ልብስ ብላ ያረጀ ቀሚሷን በመቀስ ቆርጣ ጨርሳለች።

ናሙና መቅጃ ዕቃ ያስፈልገኝ ነበር። ከመሥሪያ ቤት ብልቃጥ ለማውጣት ፊርማ ይጠይቃል፣ ፊርማው ደግሞ «ለምንህ ነው?» የሚል ጥያቄ ያመጣል። ስለዚህ ከቤት አራት የቢራ ጠርሙስ አነሳሁ። ኮርሱ ላይ እንደተባለው በትልቁ ድስት ቀቀልኳቸው፣ በንጹህ ጨርቅ ላይ ደፋኋቸውና ሥራዬን በመጨረሴ እየኮራሁ ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ ጠርሙሶቹ ቡሽ ተደርጎላቸው፣ እያብረቀረቁ ተደርድረው አገኘኋቸው። እናቴ አቧራ እንዳይገባባቸው ከድናልኝ ነው ብዬ ይዣቸው ወጣሁ።

ወንዙ ዳር ስደርስ ግማሽ ሰፈር ተሰብስቦ ነበር። ሱሪዬን ሰብስቤ በጋዋኔ ገባሁ። የመጀመሪያውን ቡሽ ስነቅል የበረኪና ሽታ ሽው አለኝ። እናቴ ቤት ደግሞ ምን በረኪና የማይሸት ነገር አለ? አንሶላው፣ ወለሉ፣ የእናቴ እጅ ሳይቀር በረኪና በረኪና ይላል። ሽታውን ከምንም ሳልቆጥረው ቀዳሁና ከደንኩ።

ከዚያ የዓሣው ጉዳይ ነበር። ኮርሱ ላይ እንደሰማሁት፣ ድንጋይ ሲገለበጥ ከሥሩ እግር ያላቸው ትናንሽ የውሃ ነፍሳት ከተገኙ ውሃው ደህና ነው፤ ቀይ ትል ብቻ ከተገኘ ውሃው ታፍኗል ማለት ነው፣ ዓሣ አይኖርበትም። አንዱን ድንጋይ ገለበጥኩ፤ ቀይ ትል። ሌላውን ገለበጥኩ፤ ቀይ ትል። ወደ ሦስተኛው ስሄድ አልቅት ቁርጭምጭሚቴ ላይ ተጣበቀችና ዘልዬ ልወድቅ ደረስኩ። ከዳር የቆመ አንድ ሰው፣ «ሳይንቲስት! ዓሣው ያዘህ እንዴ?» ብሎ ጮኸ። ሕዝቡ ሳቀብኝ። እኔም እልህ ይዞኝ ሪፖርቴ ላይ «በውሃው ውስጥ ሕይወት ያላቸው ፍጥረታት በብዛት ይገኛሉ» ብዬ ጻፍኩ። አንዲት የሐሰት ቃል የለባትም፤ እንደሷ ያለ ውሸት ግን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ጽፌ አላውቅም።

ጠርሙሶቹን ለላቦራቶሪው ኃላፊ ለምኜ ሰጠኋቸው። ሽማግሌ ነበሩ፣ ነገር በቀላሉ አያምኑም። ውጤቱ ሲወጣ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ።

«አንድም ተሕዋሲ የለበትም። ይህን ውሃ ከየት ነው ያመጣኸው? ከሰማይ?»

«ከልደታ ነው፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ልደታ ቤት ፈልግልኝ። ስማ፣ ቀልዱን ተወውና በእኛ ብልቃጥ ደግመህ ቅዳ።»

መድገም ነበረብኝ፤ ጥርጣሬውም ሆዴ ውስጥ ነበር። ነገር ግን ጭብጨባው ከወዲሁ ጆሮዬ ላይ ይሰማኝ ነበርና ወረቀቱን ይዤ በቀጥታ ወደ ቀበሌ ሄድኩ።

ተጨበጨበልኝ። ጭብጨባው ሲያበቃ ሊቀ መንበሩ፣ «ልጆቹ በሚቀጥለው ሳምንት እሑድ ከስብሰባ በኋላ ይገባሉ። ከዚያ በፊት፣ ነገ ቅዳሜ፣ ጓድ ባለሙያው በኮሚቴው ፊት ይዋኛል» አሉ። ዋና አልችልም ነበር። ቅዳሜ ገባሁ፣ ሁለት ሦስቴ ተንቦጫረቅሁ፣ አዳልጦኝም ጠጣሁት። እየሳቅሁ ወጣሁ። ረቡዕ ላይ ከአልጋዬ መነሳት አቃተኝ።

እናቴ አጥሚት እያጠጣች፣ አንሶላዬን እየቀየረች አስታመመችኝ። ሐሙስ ማታ ራስጌዬ ተቀምጣ ታጉረመርም ጀመር።

«ያ ውሃ ለሰው አይሆንም ብዬ ነበር። ወረቀቱ ንጹህ ነው አለ አላችሁ። እንዴት ንጹህ አይል! ጠርሙሶቹን ያጠብኳቸው እኔ።»

«እማዬ፣ እኔ ቀቅያቸው ነበር እኮ።»

«መቀቀል ማጠብ ነው? ቢራ ቢራ ይሸቱ ነበር። የመንግሥት ሰዎች ‹ይሄ ልጅ እናት የለውም ወይ› እንዲሉህ ነው? በበረኪና አጠብኳቸው። ሽታው እንዲጠፋም ከሥራቸው ትንሽ ትንሽ አስቀርቼ ከደንኳቸው።»

ልሳቅ ላልቅስ ግራ ገባኝ። በረኪናው በየጠርሙሱ ውስጥ ሥራውን ሲሠራ ነበር፤ ወደ ላቦራቶሪ ያደረስኩት የሞተ ውሃ ነው። እሑድ ደግሞ እህቴ በተቆረጠ ቀሚሷ ከሁሉ ቀድማ ልትገባ ነው።

መናገር ነበረብኝ፣ መናገሩ ግን አስፈራኝ። በዚያ ዘመን አሻጥር የምትባል ቃል ነበረች። ማሽን ቢሰበር አሻጥር፣ ስኳር ቢጠፋ አሻጥር። ይህች ቃል ተለጥፋባቸው ከሰፈራችን ሄደው ያልተመለሱ ሰዎች አሉ። የመንግሥት ናሙና ውስጥ በረኪና የጨመረች ሴት ምን ልትባል እንደምትችል ለማንም ግልጽ ነው። ስለዚህ የእናቴን ስም ላላነሳ ወሰንኩ።

እሑድ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ተራው የሂስና ግለ ሂስ ሲሆን እጄን አወጣሁ። 

«ግለ ሂስ አለኝ» አልኩ። «ጠርሙሶቹን ሳላጥብ ነው ውሃውን የቀዳሁት። ውጤቱ ልክ አይደለም። ልጆቹ እንዳይገቡ።»

 ሊቀ መንበሩ ሞኝ ሰው አልነበሩም። «ቆሻሻ ጠርሙስ ውሃውን ያቆሽሻል እንጂ እንዴት ንጹህ ያደርገዋል?» አሉኝ።

 ይህንን አላሰብኩበትም ነበር።

ያኔ ከኋላ፣ ከሴቶቹ መካከል፣ እናቴ ተነሳች።

«ውሸቱን ነው! ከእኔ ቤት ቆሻሻ ጠርሙስ አይወጣም! በዚህ በእጄ፣ በበረኪና ያጠብኳቸው እኔ ነኝ። በረኪናውንም ከሥሩ አስቀርቼበታለሁ። ጥፋት ከሆነ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ጓድ ሊቀ መንበር።»

አንዲት ሴት፣ «እንዴ! በረኪና ካለበት ምን ነፍስ ያለው ነገር ይተርፋል?» አለች። ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። አዳራሹ ውስጥ ያለች ሴት ሁሉ ይህን ታውቃለች፤ የማያውቀው ባለሙያው ብቻ ነው። ሊቀ መንበሩ ፊታቸውን ለማኮሳተር ታገሉ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። በመጨረሻ ልጆቹ እንደማይገቡ ተናግረው ጉዳዩ ለተጨማሪ ጥናት እንዲያልፍ አጻፉ። ጥናቱን ያጠና ሰው እስከማውቀው ድረስ የለም። እህቴ ሳምንቱን ሙሉ አኮረፈችኝ።

ወደ ቤት ስንሄድ እናቴ ከፊቴ ከፊቴ ትራመዳለች፣ አታናግረኝም። ጠርሙሷን በአደባባይ ቆሻሻ ስላልኩባት ነው ብዬ በራችን ላይ ስንደርስ፣ «እማዬ፣ ስለ ጠርሙሱ ይቅርታ» አልኳት።

ዘወር አለች። ዓይኗ ቀልቷል።

«ስለ ጠርሙስ ብዬ የተነሳሁ መሰለህ? ሰውየው ሲጠይቅህ መልስ አጣህ። አንተን ከሚወስዱህ እኔን ይውሰዱኝ ብዬ ነው።»

 በሩን ከፍታ ገባች፣ ነጠላዋን አጣጠፈችና ከውስጥ ጮክ ብላ ጨመረች።

«ደሞ ጠርሙሶቹ ንጹህ ነበሩ!»