ለማን ተነገረ

የብርጓል የቁይ ገበሬ ልጅ ናት። በልጅነቷ ተዳረች፣ ሳትወልድ ባሏ ሞተባትና ደብረ ማርቆስ ገብታ ሁለት ክፍል ቤት ተከራየች። መጀመሪያ ጠላ ትሸጥ ነበር። የሰካራም ጠብ መገላገል ሲሰለቻት ተወችው።

ልጅ መያዝ የጀመረችው ሳታስበው ነው። አንዲት ጎረቤቷ ለቅሶ ልትደርስ ስትል ሕፃኗን ጣል አድርጋባት ሄደች። በሳምንቱ ሌላ እናት መጣች። ሁለት ሺህ ሦስት ላይ፣ እናቶቻቸው ሥራ የሚውሉ አምስት ልጆች ቤቷ ይውሉ ነበር።

በዚያ ዓመት ቀበሌው በየቤታቸው ልጅ የሚይዙትን ሴቶች ጠርቶ ሁለት ቀን አሠለጠነ። ብዙዎቹ የሄዱት ለሻይ ዳቦው ነው። በመሠረተ ትምህርት ዘመን ፊደል የቆጠረችው የብርጓል ግን አንድም ቃል አልጣለችም። ተመልሳ ምድጃውን በእንጨት አጠረች፤ አሸዋ በባልዲ ሞልታ አስቀመጠች፤ ፋሻና የቁስል መድኃኒት በካርቶን አድርጋ ሰቀለች፤ የእናቶቹን ስልክ በሩ ጀርባ ላይ በከሰል ጻፈች። ጎረቤቶቿ ሳቁባት።

«የየብርጓል ቤት ክሊኒክ ሆነ አሉ። ካርድ አውጥተን ነው የምንገባ?»

ከሥልጠናው አንድ ደብተርም ተሰጥቷት ነበር። ገጹ አራት ቦታ ተሰምሯል፤ ስንት ሰዓት፣ ምን ደረሰ፣ ምን ተደረገ፣ ለማን ተነገረ። «ሕፃኑ ምናለ ከደጃፍ ወድቆ ግንባሩ ተላጠ፤ በሳሙና ታጠበ፤ ለእናቱ ተነገረ» ብላ ስትጽፍ የሆነ ኩራት ይሰማታል። እንዲህ ያለውን ለመናገር ማንም አይቸገርም።

ከልጆቹ ሁሉ ትንሿ ዜማ ነበረች፤ ሁለት ዓመት ተኩል ይሆናታል። እናቷ የኔአለም ሉማሜ ከተማ ውስጥ መምህርት ናት። በጠዋት ልጇን ለየብርጓል አስረክባ ሚኒባስ ትይዝና አሥር ሰዓት ላይ ትመለሳለች። አባቷ ለሥራ መተማ ነው። የኔአለም ባለፈው ዓመት የወንድሟን ሞት አንድ ዘመድ በስልክ ዱብ አድርጎባት፣ ተማሪዎቿ ፊት ወድቃ የሦስት ወር ፅንስ ወርዶባታል። አሁን ደግሞ አምስት ወሯ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ይህን ያውቃል።

በሁለት ሺህ አራት ጥቅምት ላይ መብራት ሦስት ቀን ጠፋ። የብርጓል ለምድጃው ላምባ ከጀሪካን ወደ ሃይላንድ ገልብጣ ልትሞላ ስትል ጓሮ ሁለት ልጆች ተናክሰው ጮኹ። ላምባውን መሬት አስቀምጣ ወጣች። ተመልሳ ስትገባ ዜማ ሃይላንዱን በሁለት እጇ ይዛለች። አገጯ ርሷል፤ አፏ ላምባ ላምባ ይሸታል፤ ትንፋሽ እስኪያጥራት ታስላለች።

ጎረቤቷ ወለተ ኢየሱስ ወተት ይዛ ሮጣ መጣች። አጠጥተን እናስታውካት አለች። የብርጓል አይሆንም አለች፤ ላምባ ሲያስታውኩት ወደ ሳንባ ይገባል ብለው አስተምረዋታል። አፏን አጠበች፤ ልብሷን ቀየረች። ሳሉ ቀስ በቀስ በረደ፤ ልጅቱም እቅፏ ውስጥ ሆና በነጠላዋ ጫፍ መጫወት ጀመረች። የብርጓል ደብተሩን አወጣች። «ሦስት ሰዓት ከሃያ። ዜማ ላምባ ጠጣች። አላስታወክናትም።» አራተኛው ቦታ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ።

ላምባ የጠጣ ልጅ ደህና ቢመስልም ወዲያው ሐኪም ቤት ይወሰዳል፣ ወላጅም ወዲያው ይነገረዋል ተብላለች። ግን የሌላ ሰው ልጅ ሐኪም ቤት ይዞ የሚገባ ሰው በመጀመሪያ ለእናቷ ይናገራል፤ ለዚያች እናት ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር በስልክ እንዴት ይነገራል? ደወለች።

«ዜማ ትን ብሏት ትንሽ አስሏታል። አትደንግጪ ልጄ።»

«ልምጣ እንዴ እትዬ የብርጓል?»

«ኧረ ክፍልሽን ጨርሺ፤ እየተጫወተች ነው።»

ክፉ ወሬ የሚነገርበት ሰውና ሰዓት አለው። በሰፈሩ መርዶ የሚያረዱት የየብርጓል የነፍስ አባት ቄስ ኃይለ ሚካኤል ናቸው። በማለዳ፣ ሰው አስከትለው፣ ከሩቅ ጀምረው እያዋዙ ይነግራሉ። እሳቸው ቢነግሩልኝ ብላ ላከችባቸው። ተዝካር ወጥተዋል፣ ነገ ጠዋት ነው የሚመለሱት ተባለ። እስከ ነገ ምን ይሆናል አለች። ልጅቱ ደህና ናት።

አሥር ሰዓት ላይ የኔአለም መጣች። ዜማ ትኩስ ትኩስ ብሏታል፤ የብርጓልም ብርዱ ይሆናል አለች። እናትና ልጅ ከአስፋልቱ ማዶ እስኪሰወሩ ደጃፍ ቆማ አየቻቸው።

በማግስቱ ቄስ ኃይለ ሚካኤል መጡ። ነገሩን ሰሙ።

«ደግ አደረግሽ፤ ነፍሰ ጡር ላይ ክፉ ወሬ አይጣልም» አሏት።

አብረው ሲሄዱ የየኔአለም በር ተቆልፏል። ጎረቤት እንደነገራቸው፣ ዜማ ስታቃስት አድራ፣ እናቷ ማርና ነጭ ሽንኩርት ብታልሳት አልሻል ስላላት ሲነጋ ሆስፒታል ወስዳታለች።

ዜማን አልጋ ላይ አገኟት። አፍንጫዋ ይርገበገባል፤ ጎድኗ በተነፈሰች ቁጥር ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ሐኪሙ የኔአለምን ልጅቱ የዋጠችው ነገር ካለ ደጋግሞ ጠይቋት፣ ምንም፣ ትን ብሏት ነው ብላዋለች። ቄሱ መስቀላቸውን አሳልመው እንደ ልማዳቸው ከሩቅ ጀመሩ። የሰው ልጅ ሕይወት እንደ ሣር አበባ መሆኑን፣ ኢዮብም መታገሡን ተናገሩ። የኔአለም ፊቷ አመድ መሰለ፤ አንዴ ወደ ቄሱ አንዴ ወደ ልጇ ታያለች። የብርጓል ከዚያ በላይ መስማት አልቻለችም።

«ላምባ ጠጥታ ነው ዶክተር» አለች።

«መቼ?»

«ትናንት። ሦስት ሰዓት ከሃያ።»

ሐኪሙ የግድግዳውን ሰዓት አየ። አልተቆጣም።

«አንድ ሙሉ ቀን» ብሎ ነርሷን ጠራ።

የኔአለም አልወደቀችም፤ አልጮኸችምም። የልጇን እግር በእጇ ይዛ የብርጓልን ብቻ ተመለከተቻት። የብርጓል ያን ዓይን ከምታይ ስድብ ቢወርድባት ትመርጥ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ልጅቱ ትንሽ የተሻላት መሰለና ሊጠይቁ የመጡት የሰፈር ሴቶች የኔአለምን እህል ቅመሺ፣ የልጅቱንም ልብስ አምጪ ብለው ወደ ቤት ላኳት። ከሄደች በኋላ ነው ዜማ የሞተችው፤ ስድስት ሰዓት ከሩብ ነበር። ሴቶቹ የሆስፒታሉ ግቢ ጥግ ተሰብስበው መከሩ። ነገ ማለዳ በቄሱ አፍ ይነገራት፤ እስከዚያ ተኝታለች፣ ሐኪም ሰው አይግባ ብሏል እንበላት ተባባሉ። የብርጓል ነጠላዋን አጣፍታ ከመሀላቸው ወጣች። የት እንደምትሄድ የጠየቃት የለም።

የኔአለም ደጇ ላይ የዜማን ቀሚስ እየጨመቀች ነበር። ቀና አለች።

«እትዬ የብርጓል» አለች፤ ቀሚሱን ሳትለቅ። «ዛሬስ እውነቱን ይንገሩኝ።»

የብርጓል በመንገድ ላይ ብዙ የምትለው ነገር አዘጋጅታ ነበር። ሁሉም ጠፋባት።

«ሞታለች፣ ልጄ።»

«መቼ?»

«ስድስት ሰዓት ከሩብ።»

የኔአለም ቀሚሱን ገመዱ ላይ አሰጣችው፤ ጫፉንም አስተካከለች። ከዚያ ነው መሬት ላይ ቁጭ ብላ የጮኸችው። የብርጓል አጠገቧ ተቀመጠች፤ ልትይዛት ግን አልደፈረችም። ጎረቤት ጩኸቱን ሰምቶ እስኪመጣ ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

ከለቅሶው በኋላ የብርጓል ደብተሩን ራሷ ቀበሌ ወሰደችው። አራተኛው ቦታ ላይ «ለእናቷ ትን ብሏት ነው ተባለ፤ እውነቱ በማግስቱ ተነገረ» ብላ ጽፋበታለች። ጸሐፊው አንብቦ፣ ይህ የመጨረሻው ነገር ባይጻፍ ይሻልሻል አላት። ተወው ብላው ወጣች። ፖሊስ ጠርቶ ቃሏን ተቀበለ፤ ልጅ እንዳትይዝም ታገደች። ባትታገድም የሚያመጣላት አልነበረም።

ሰፈሩ ግን የሚወቅሳት በላምባው አይደለም። ላምባ ማንም ቤት ይጠጣል፣ የእግዜር ነገር ነው ይላሉ። ነፍሰ ጡርን በጠራራ ፀሐይ፣ ሽማግሌ ሳይቆም፣ ልብስ እያጠበች ልጅሽ ሞተች ያለች ጨካኝ ይሏታል። ወለተ ኢየሱስ እንኳ ቤቷ መግባት ተወች።

ፅንሱ አልወረደም። የኔአለም በየካቲት ወንድ ልጅ ወለደች። ሽማግሌ ተልኮባት ከየብርጓል ጋር ስትታረቅም ይቅር ብያለሁ ከማለት በቀር ቃል አልወጣትም። የወሊድ ፈቃዷ ሲያልቅ ሕፃኑን ለማንም አልሰጠችም። አዝላው ሚኒባስ ትሳፈራለች፤ ሉማሜም ክፍል ውስጥ አዝላው ታስተምራለች አሉ።